የወፍ በሽታና የተከሰሰችው የሌሊት ወፍ

በዚህ ወር ዓምዳችን ከዘመድም ከጎረቤትም ጠበቃ ያጣች አንዲት እንስሳ ጉዳይ ይታያል። ተከሳሿ የሌሊት ወፍ ናት። ክሱም "ሰውን ቢጫ አድርጋለች" የሚል ነው።

ክሱ እንዴት እንደሚመሠረት የማያውቅ ያለ አይመስለንም። አንድ ጎረምሳ ሁለት ሦስት ቀን ምግብ ያስጠላዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ይደክመዋል። በአራተኛው ቀን እናቱ "እስቲ ና ወደ ብርሃኑ" ትለውና ዓይኑን ገልጣ ስታይ ነጩ እንደ እርድ ቢጫ ሆኗል። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ችሎት ይሆናል። አክስት "የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው" ትላለች። አጎት "የለም፣ ማታ ደጅ ሲቀመጥ በላዩ በርራበት ነው" ይላል። ጎረቤት ያሉት አዛውንት ደግሞ "ጥላዋስ ምን አላት? ጥላዋም ይበቃል" ብለው ክሱን ያጠብቃሉ። ልጁ "እኔ እኮ የሌሊት ወፍ አይቼ አላውቅም" ቢል "ተኝተህ ሳለ ነዋ!" ይባላል። ለእንዲህ ያለ ክስ መከላከያ ምስክር ከየት ይመጣል? ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ ግን "ባለፈው ወር የጠጣኸው ውሃ ከየት የተቀዳ ነበር?" ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

ተከሳሿን በቅርብ እንወቃት። ስሟ ወፍ ይሁን እንጂ ወፍ አይደለችም። እንቁላል አትጥልም፤ ትወልዳለች፣ ጡት ታጠባለች፤ ገላዋም ላባ ሳይሆን ጠጉር ነው። በዓለም ላይ ከ1,400 የሚበልጡ ዝርያዎች አሏት። አብዛኞቹ ነፍሳት በል ናቸው፤ የቀሩት ፍራፍሬና የአበባ ወለላ ይመገባሉ። ነፍሳት በሎቹ በጨለማ የሚበሩት የገደል ማሚቶ በሚመስል ስልት ነው፤ ለኛ ጆሮ የማይሰማ ቀጭን ድምፅ እያወጡ፣ ድምፁ ከግድግዳም ከትንኝም ላይ ነጥሮ ሲመለስ ይሰሙና መንገዳቸውን ያውቃሉ። የአላህን ሥራ ማስተዋል ለሚወድ ሰው ይህ ብቻውን አንድ ምሽት ደጅ ያስቀምጣል። በሰው ላይ "በርራበት" የምትባለውም አብዛኛውን ጊዜ የሰውየውን ራስ ሳይሆን በራሱ ዙሪያ የተሰበሰበውን ትንኝ ፈልጋ ነው። ውለታዋን ክስ ያደረግንባት ይመስለናል።

ባሌ የሚገኘውን የሶፍ ዑመር ዋሻ አስቡት። የወይብ ወንዝ አለቱን ሰርስሮ ያበጀው፣ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ዋሻ ነው፤ ስሙን ያገኘው በዚያ ይኖሩ ነበር ከሚባሉት ከሼኽ ሶፍ ዑመር ነው። የሌሊት ወፎችም የሚኖሩበት ነው። ጥላዋ ቢጫ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ያን ዋሻ ሊያይ የገባ ሁሉ እርድ መስሎ በወጣ ነበር።

ወፍን ከክፉ ዕጣ ጋር ማያያዝ እኛ የጀመርነው አይደለም። ከኢስላም በፊት የነበሩ ዐረቦች መንገድ ሊጀምሩ ሲሉ ወፍ ያስነሡ ነበር፤ ወደ ቀኝ ከበረረች ይሄዳሉ፣ ወደ ግራ ከበረረች ይመለሳሉ። ይህ ገድ ማየት "ጢየራ" የተባለውም "ጠይር" ከሚለው፣ ወፍ ማለት ከሆነው ቃል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን እምነት ከልክለዋል። የሮም ሰዎችም ከዚህ የዳኑ አልነበሩም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በአንደኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ፕሊኒ የተባለ ጸሐፊ፣ ገላው ቢጫ የሆነ ሰው "ኢክተረስ" የምትባለውን ቢጫ ወፍ አትኩሮ ካየ ሰውየው ይድናል፣ ወፏ ትሞታለች የሚል ወሬ መዝግቧል። ሐኪሞች ዛሬም ቢጫነቱን "ኢክተረስ" ይሉታል። እኛ ወፏን በሽታ አምጪ አልናት፣ እነሱ መድኃኒት አሏት፤ በሁለቱም በኩል የተጎዳችው ወፏ ናት። ኢብን ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) ግን በ"አል-ቃኑን" መጽሐፋቸው የረቃንን፣ ማለትም ይህንኑ ቢጫነት፣ ከጉበትና ከሐሞት ጋር አያይዘው ጽፈዋል። ከሺህ ዓመት በፊት የኛው ሐኪም ወደ ጉበት ሲያመለክቱ እኛ ዛሬም ጣሪያ ጣሪያውን እናያለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ገደማ ነው። ሲያረጅ ይፈርሳል፤ ከፍርስራሹም ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል። ጉበት ይህን ከደም እየለቀመ ወደ ሐሞት ይጨምረዋል፤ ሐሞት ወደ አንጀት ይወርዳል፤ የዓይነ ምድር ቀለምም ከዚሁ የመጣ ነው። ጉበት ከቆሰለ ወይም የሐሞት ቧንቧ ከተዘጋ ቢጫው ደም ውስጥ ይከማችና መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በቆዳ ይታያል። ሽንት እንደ ወፍራም ሻይ ይጠቁራል፤ ዓይነ ምድር ሊነጣ ይችላል። እንግዲህ "የወፍ በሽታ" የምንለው የአንድ በሽታ ስም ሳይሆን ጭስ ነው። እሳቱ ቫይረስ ሊሆን ይችላል፤ ወባ ሊሆን ይችላል፤ የሐሞት ጠጠር፣ መድኃኒት፣ አልፎም ካንሰር ሊሆን ይችላል። ጭሱን አይቶ "ይህ የእገሌ ምድጃ ነው" የሚል ሰው አዋቂ ይባላል፤ ለማወቅ ግን ደም መመርመር ያስፈልጋል።

"ታዲያ የወፍ መድኃኒት የሚሰጡት ሰው ስንቱን አድነዋል!" የሚል አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፣ ከሳቸው ዘንድ ሄደው የዳኑ ብዙ ናቸው። በተበከለ ውሃና ምግብ የሚተላለፉት ሄፓታይተስ ኤ እና ሄፓታይተስ ኢ ጤነኛ የነበረ ሰው ሲይዙ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት በራሳቸው ይለቃሉ፤ ሺፋው ከአላህ ነው። በሽተኛው ደግሞ ወደ ባለመድኃኒቱ የሚሄደው ቢጫው ሲብስበት፣ ማለትም ሊመለስ ሲል ነው። አውራ ዶሮም ሌሊቱን ያነጋሁት እኔ ነኝ ቢል ማን ይከራከረዋል? ጮኸ፣ ነጋ።

ዶሮው ሲጮህ ግን ማንንም አይጎዳም። ለዚህ በሽታ ተቀጥቅጠው ከሚጠጡት ዕፀዋት መካከል ስሚዛ አለ፣ ብሳና አለ፣ እንዶድም አለ። እንዶድን እናቶቻችን የሚያውቁት በልብስ ማጠቢያነቱ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የወንዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ፤ ቢልሃርዝያን የሚያዛምቱትን ቀንድ አውጣዎች ለመግደል እንደሚረዳም አሳዩ፤ በዚህ ሥራቸው በዓለም ታወቁ። ጋቢ የሚያነጣና ቀንድ አውጣ የሚፈጅ ነገር በባዶ ሆድ ሲጠጣ ጉበት ምን እንደሚል ገምቱት። የባህል መድኃኒትን ሁሉ ለመናቅ አይደለም፤ በፋብሪካ ከሚሠሩት መድኃኒቶች ብዙዎቹ መነሻቸው ዕፀዋት ናቸው። ነገር ግን የሚጠጣውን ሁሉ የሚያጣራው ያው የታመመው ጉበት ነው። የቆሰለ አህያ ላይ ጭነት እየጨመሩ "ይበርታ" ማለት ይሆናል።

አሁን ወደ ውሃው እንመለስ። በ1955 እና 56 (እ.ኤ.አ.) ኒው ዴልሂ ላይ የፍሳሽ ቆሻሻ ከመጠጥ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ከ29 ሺህ በላይ ሰው ቢጫ ሆነ። የዚህ ዓይነቱን በሽታ አምጪ፣ ዛሬ ሄፓታይተስ ኢ የምንለውን፣ በ1983 (እ.ኤ.አ.) የለየው የሶቪየት ሳይንቲስት ሚካሂል ባላያን ነው፤ ያገኘውም ከበሽተኞች የተወሰደ ናሙና ራሱ ጠጥቶ ታምሞ ነው። (ይህን ማንም እንዳይሞክረው!) በአገራችንም በ2014 (እ.ኤ.አ.) በጋምቤላ የስደተኞች ካምፖች ውስጥ ይኸው በሽታ ተነሥቶ ነበር። በሽታው ለብዙ ሰው ቀላል ቢሆንም ለነፍሰ ጡር ግን ቀላል አይደለም፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ከያዛቸው እናቶች ከ100 እስከ 25 የሚደርሱትን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ዓይኗ ቢጫ የሆነ ነፍሰ ጡር በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ትድረስ። ቅጠሉ ተቀጥቅጦ፣ ቀኑ ተቆጥሮ እስኪጠጣ የሚጠበቅበት ጊዜ የላትም።

በዚህ ላይ ቤታችንን እንታዘብ። እኛ ሙስሊሞች በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የምናደርግ፣ ከሽንት ቤት በውሃ ኢስቲንጃ አድርገን የምንወጣ ሰዎች ነን፤ አልሐምዱ ሊላህ። ሳሙናው ግን የት ነው? በብዙ ቤት ሳሙና የሚቀመጠው ለልብስና ለእንግዳ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከተጸዳዱ በኋላ እጃቸውን በመሬት ላይ አሽተው ያጥቡ እንደነበር ተዘግቧል። ከእንቅልፍ የነቃም ሰው እጁ የት እንዳደረ አያውቅምና ሳይታጠብ ዕቃ ውስጥ እንዳይነክር አስተምረዋል። እኛ ዘንድ ግን አንድ ኩባያ በርሜሉ ውስጥ ከነጣቱ ይገባል፤ አንዱ ይጠጣበታል፣ ሌላው ይታጠብበታል፣ ሕፃኑም ይጫወትበታል። ሄፓታይተስ ኤ ከዚህ የተመቸ ቤት አያገኝም።

ከሁሉም የሚያሳስበን ግን ድምፅ የሌለው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ይህ በውሃ አይመጣም፤ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በወሊድም ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2022 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ይህን ቫይረስ በደማቸው ይዘው ይኖሩ ነበር። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጽሑፍ ከ100 ሰው ወደ 7 ያህሉ እንዳለበት አሳይቷል። ጎልማሳ ሰው ሲይዘው አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ራሱ ያባርረዋል። በሕፃንነት የያዘው ግን ከ10 ልጆች በ9ኙ ላይ ቤቱን ሠርቶ ይቀራል። ልጁ ያድጋል፣ ይማራል፣ ኳስ ይጫወታል፤ ዓይኑም ቢጫ አይሆንም። ከ30 እና ከ40 ዓመት በኋላ ሆዱ ውሃ ሲቋጥር ወይም ጉበቱ ላይ እጢ ሲበቅል ነው የሚታወቀው። እንግዲህ የሌሊት ወፏን የሚጠብቅ ዘበኛ ጣሪያ ላይ ሲያፈጥ ሌባው በበር ገብቶ አርባ ዓመት ኖሯል ማለት ነው።

ወጣቶቻችን ይህን ነገር ብዙ ጊዜ የሚሰሙት ወደ ዐረብ አገር ለመሄድ ሲመረመሩ ነው። "ደምሽ ላይ የጉበት ቫይረስ አለ፤ ማለፍ አትችዪም" ትባላለች። ለጉዞው የተበደረችው ገንዘብ አለ፣ ቤተሰብ ይጠብቃል። ለማንም ሳትናገር በጓሮ በር ወደ ባለመድኃኒት ትሄዳለች፤ "ያንቺ የወፍ ነው፣ በሦስት ቀን ይለቅሻል" ትባላለች። ዓይኗ ድሮም ቢጫ አልነበረምና "እነሆ ዳንሽ" ለማለት አይከብድም። ከዚያም ታገባለች፣ ትወልዳለች። እኅታችን ሆይ፣ ቫይረሱ መገኘቱ ነውር አይደለም፣ የሞት ፍርድም አይደለም። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በመሳሳም አይተላለፍም። አንዳንዱ ሰው ክትትል ብቻ ይበቃዋል፣ ለሌላው ቫይረሱን የሚያስታግስ ክኒን አለ። እርጉዝ ስትሆኚ አስቀድሞ ከታወቀ ልጅሽን ማትረፍ ይቻላል። ለትዳር አጋርሽም ክትባት አለ። የሚያስፈልገው በየጊዜው ሐኪም ማየት ነው።

ክትባቱ በአገራችን ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ2007 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ከሌሎቹ ጋር በአንድ መርፌ ይሰጣል። ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው በሕፃንነቱ ይህን ክትባት አላገኘም ማለት ነው። አንድ ጊዜ መመርመር፣ ከሌለበትም መከተብ አይከፋም። እናት ቫይረሱ ካለባት ደግሞ የመጀመሪያው ክትባት ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢሰጠው የበለጠ ይጠብቀዋልና ከመውለዷ በፊት ሐኪሟን ትጠይቅ።

ስለ ደም ከተነሣ ስለ ዋግምት ሳንናገር አናልፍም። ሒጃማ ሱና ነው፤ የቆሸሸ ምላጭ ግን ሱና አይደለም። ቫይረሱ ከሰው አካል ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል፤ የደረቀ ደም ነውና "ጠርጌዋለሁ" አይበቃውም። ዋግምት የሚያደርጉልዎትን ሰው "ሐጂ፣ ምላጩን እኔው አምጥቻለሁ፣ እዚሁ ይክፈቱልኝ" ቢሏቸው ነውር የለበትም። ኩባያው ወይም ቀንዱስ ከሌላው ሰው ጀርባ ወርዶ እንዴት ጸዳ? ይጠየቅ። የልጅ ግርዛት፣ የጆሮ መበሳት፣ እንጥል ማስቆረጥ (ይህ የመጨረሻው ጨርሶ ቢቀር ይሻላል)፣ በአንድ ምላጭ ወንድማማቾች መላጨት፣ ሁሉም እዚሁ መዝገብ ውስጥ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፤ የሚከፋን እንደሚኖር እናውቃለን። በሐረር ሆስፒታሎች ተደርጎ በ2018 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ፣ ብዙ የቃመም ሰው አደጋው እንደሚበዛበት አሳይቷል። ምርቃና ላይ ሆነን ስለ የሌሊት ወፍ ክፋት ስንት ከሰዓት አውርተናል! ጣሪያ ላይ ያለችውን ስናማ ጭናችን ላይ ያለውን እስር አላየነውም።

የአራስ ልጅ ቢጫነት ደግሞ ለብቻው ይታያል። ከተወለዱ ሕፃናት ከግማሽ የሚበልጡት በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ቢጫ ይሆናሉ፤ ጉበታቸው ሥራ ገና እየለመደ ነው፤ አብዛኛውም በደንብ ሲጠቡ ይጠፋል። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ቢጫ የሆነ፣ ቢጫው እስከ እግሩ የወረደ፣ መጥባት ያቆመ ወይም እንቅልፍ የበዛበት ሕፃን በሰዓታት ውስጥ ሆስፒታል መድረስ አለበት። ቢሊሩቢኑ በጣም ከበዛ አንጎልን ይጎዳል፤ ልጁን ደንቆሮ አድርጎ ሊያስቀርም ይችላል። ፀሐይ ማሞቅ ሙሉ በሙሉ መሠረት የሌለው አይደለም፤ በ1956 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ አገር አንዲት ነርስ ሕፃናቱን ፀሐይ ላይ ስታወጣ ቢጫው እንደሚቀንስ አስተውላ የመብራት ሕክምናው ከዚያ ተገኘ። ሆኖም ከባዱን ቢጫነት የጠዋት ፀሐይ አይችለውም፤ የሆስፒታሉ ሰማያዊ መብራት ነው የሚችለው። ከሁለት ሳምንት በኋላም ቢጫነቱ ካልለቀቀና ዓይነ ምድሩ እንደ ኖራ ከነጣ የሐሞት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል "ሲያድግ ይተወዋል" ተብሎ አይቆይ፤ ቀዶ ሕክምናው የሚሠምረው ቶሎ ሲደረግ ነው።

ተከሳሿን በነፃ ስናሰናብት ግን ፍጹም ንጹሕ ናት እያልን አይደለም። ማርበርግ የተባለው አደገኛ ቫይረስ በዋሻ ከሚኖሩ ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች እንደሚመጣ ይታወቃል፤ በኅዳር 2018 ዓ.ም. በሽታው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጂንካ ላይ መከሰቱ ታውጆ ነበር። የሌሊት ወፍ ንክሻም የእብድ ውሻ በሽታን ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ በእጅ አትነካ፤ የሞተችም ብትሆን። የነከሰችው ወይም የቧጠጠችው ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቤት ከገባች መብራቱን አጥፍታችሁ መስኮቱን ክፈቱላት፤ መንገዷን ከኛ በተሻለ ታውቃለች። ጣሪያ ውስጥ የሰፈረችውንም በጭስና በዱላ ማሳደድ አያስፈልግም፤ ልጆች የሌሏት ጊዜ ተጠብቆ፣ ሲመሽ ሁሉም ከወጡ በኋላ ቀዳዳውን በሽቦ ወንፊት መድፈን ይበቃል። በማግስቱ ሌላ ጣሪያ ታገኛለች። የምታገኘው የጎረቤታችሁን ጣሪያ ከሆነ፣ ክሱ እንደገና ሳይመሠረት ይህን እትም አውሷቸው።